ቂብላቸውን የሳቱ ኮምፓሶች

ሥራቸውን በአንድ ቃል ተናግረው የሚያልፉ ሰዎች እንዴት የታደሉ ናቸው! «ሹፌር ነኝ» ይላል አንዱ፤ ጠያቂውም «እሰይ» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። እኔ ምን እንደምሠራ ስናገር ግን ሠርግ ቤት እንኳ ቢሆን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን እጽፋለሁ። የማጠናው በድርብርብ ንጣፎች ላይ የተደረደሩ የናኖ ማግኔቶችን ጠባይ ነው። እንግዲህ እናንተም ቀዝቅዛችሁ ካልቀራችሁ ልቀጥል።

የቤት አከራዬ እማ ዘይነባ ናቸው። ደሴ ፒያሳ ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ሲያከራዩኝ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር።

«ምንድን ነው የምትማረው ልጄ?»

«ስለ ትንንሽ ማግኔቶች ነው እማ።»

«ምን ያህል ትንንሽ?»

«በአንዲት ጸጉር ውፍረት ላይ ብዙ መቶዎቹ ይደረደራሉ። በዓይን አይታዩም።»

«ካልታዩ መኖራቸውን በምን አወቅህ?»

«በሥራቸው ነው የሚታወቁት። አንዱ ሲዞር ጎረቤቱም ይዞራል። ላይኛው ንጣፍ ያለው ታችኛው ንጣፍ ያለውን ያዘዋል፤ ሳይነካካ፣ በሩቁ።»

«አይታዩም፣ አይነኩም፣ ግን ይተዛዘዛሉ» አሉ እማ ዘይነባ። «እኛም እናውቃቸዋለን። አውዙ ቢላሂ! በል፣ በኪስህ ይዘሃቸው ቤቴ እንዳትገባ!»

እኔ ሳቅሁ። የተማረ ሰው አሳሳቅ አላችሁ፤ ከአፍንጫ የሚወጣ። ያንን ሳቅ በኋላ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከፈልኩት።

የጽሑፌ አማካሪ የሆኑት ዶክተር በጠባያቸው ኮስታራ ናቸው። በኮምፒውተር የሠራሁትን ስሌት ሁሉ ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኮምፒውተሩ እንደገባው አይቻለሁ፤ አንተ እንደገባህ ግን በምን ልመን? በዓይን የሚታይ ነገር ሠርተህ አሳየኝ» አሉ።

ነገሩ ብዙም አይከብድም። ናኖ ማግኔት ባይታይም የኮምፓስ መርፌ ይታያል፤ መርፌውም ያው ትንሽ ማግኔት ነው። ብዙ ኮምፓሶችን ጣውላ ላይ አጠጋግቼ ብደረድር፣ በላያቸው መስታወት ባለብስ፣ በመስታወቱ ላይ ሌላ ድርድር ብጨምር፣ ድርብርብ ንጣፌን አገኘሁ ማለት ነው። ግን ይህን ሁሉ ኮምፓስ ደሴ ውስጥ ከየት ላምጣ? የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ክብ መሥሪያውን ኮምፓስ እያወጡ አሰለቹኝ። በመጨረሻ አንዱ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ጠቆመኝ። እዚያ ሰኢድ የሚባል ነጋዴ መስገጃ፣ ኮፍያ፣ ቴምርና ቂብላን፣ ማለትም መካ ያለችበትን የስግደት አቅጣጫ፣ የምታሳይ ትንሽ ኮምፓስ ይሸጣል።

«ቂብላ የሚያሳይ ኮምፓስ አለህ?» አልኩት።

«አለ። ስንት ልስጥህ?»

«ያለህን በሙሉ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። አንገቴ ላይ ያለችውን ማተብም አየ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በታመመ ሰው አጠገብ በሚወራበት ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ቂብላ እኮ አንድ ነው» አለኝ። «አንድ ኮምፓስ ይበቃሃል። ያንተ መጥፋት ምን ዓይነት ነው?»

ለሳይንስ እንደሆነ አስረዳሁት። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን ካርቶኑን አውርዶ አቧራውን አራገፈልኝና «ወላሂ፣ አንዳቸውም አያሳስቱም» ብሎ ማለልኝ። መሐላውን አደራ ያዙልኝ አልላችሁም፤ ሰውየው ግን ማለ።

የክፍሌን ነገር መናገር አለብኝ። ቤቱ የድሮ ቤት ነው። ክፍሌን ከጎረቤቷ ክፍል የሚለያት ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ የተለጠፈበት ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ከጣውላው ወዲያ ያለችው ክፍል በረንዳው ላይ የሚከፈት በር አላት፤ በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው የሰዓዳ ዕቃ እዚያ እንደተቀመጠና እስክትመለስ ማንም እንደማይገባ እማ ዘይነባ ገና ስከራይ ነግረውኛል። እኔም አልጠየቅሁም። በጧት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ውዬ፣ ሲመሽ ወደ ደሴ ብርድ የምመለስ ሰው ስለ ጎረቤት ክፍል ምን አገባኝ?

ክረምት ሲገባ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ እኔም ቀን ቀን ቤት መዋል ጀመርኩ። ጠረጴዛዬን ወደ ጣውላው አስጠግቼ ኮምፓሶቹን ደረደርኩ። ለብቻው ሲሆን ሰሜንን አጥብቆ የሚያውቀው መርፌ ጎረቤት ሲያገኝ ሰሜንን እርግፍ አድርጎ እንደሚተው ያየሁት ያኔ ነው። የአንዱ ጭራ የሌላውን ራስ እየተከተለ ረድፍ ረድፍ ሠሩ። የላይኛው ንጣፍ ወደ ግራ ሲል የታችኛው ወደ ቀኝ ይላል። አንዱን በጣቴ ብነካው ሁሉም ይንቀጠቀጡና ተመካክረው ይቆማሉ። «ሰው ምን ይለኛል» እያለ የሚኖር ሰፈር ቁርጥ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። የደሴን የክረምት ጉም የማያውቅ ሰው ጉምን ሩቅ ቦታ ያለ ነገር ይመስለዋል። የእኛ ጉም ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ይመጣና በር ሳያንኳኳ ይገባል፤ ግቢው መሐል ያለውን የውኃ በርሜል ይውጠዋል፤ የባጃጁን ጡሩንባ፣ የልጆቹን ጩኸት ሁሉ ይውጣል። መስኮቴ ነጭ ሆነ። ምንም አይሰማም። ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጬ ማስታወሻ ልጽፍ ስል፣ ከግድግዳው ጥግ ያለችው አንዲት መርፌ ተንቀጠቀጠች።

እኔ አልነካኋትም። መስኮቱ ዝግ ነው፤ በሩ ዝግ ነው።

መርፌዋ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ጎረቤቷ ተከተላት። ከዚያ የእሷ ጎረቤት። ነፋስ በገብስ ማሳ ላይ ሲያልፍ አይታችሁ እንደሆነ እንደዚያ ነው፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ረድፉ ሁሉ እየተገለበጠ መጥቶ ግድግዳው አጠገብ ያሉት መርፌዎች በሙሉ ጣውላውን አፍጥጠው ያዩት ጀመር። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መርፌዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በዝግታ፣ አንድ ላይ መዞር ቀጠሉ፤ ከጣውላው ወዲያ የሚያልፍ ሰው በዓይን የሚሸኙ ይመስላሉ። አብሮም ድምፅ አለ። ሽ... ሽ... ሽ... ደረቅ መዳፍ በወረቀት ላይ ሲሳብ የሚሰማው ዓይነት። የግድግዳው ጫፍ ሲደርስ ቆመ። መርፌዎቹም ቆሙ። ተመለሰ። መርፌዎቹም አብረውት ተመለሱ።

ጸጉሬ መቆም የነበረበትን ያህል ቆመ፤ ከዚያም አልፎ ቆመ። ግን የሳይንስ ሰው ነኝና መፍትሔው መመርመር ነው አልኩ። ምናልባት እኔው ራሴ የያዝኩት ብረት ይሆናል መርፌዎቹን የሚረብሻቸው። ስልኬን ውጭ አስቀመጥኩ። ሰዓቴን ፈታሁ። ቀበቶዬን አወለቅሁ። የጫማዬ የክር ቀዳዳ ዙሪያው ብረት ስለሆነ ጫማዬንም አወለቅሁ። በባዶ እግሬ፣ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በኮምፓሶቹ ፊት ወደ ግድግዳው ዞሬ ተንበረከክሁ። እማ ዘይነባ በሩን ከፍተው ያገኙኝ በዚህ ሁኔታ ነው።

ባዶ እግሬን አዩ፣ ኮምፓሶቹን አዩ። «ሰለምክ እንዴ?» አሉ።

«አይደለም እማ! እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ይራመዳል። መርፌዎቹ ይከተሉታል።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «አይጥ ነው» አሉ ቶሎ ብለው።

«አይጥ ማግኔት አይደለም።»

ወደ ኋላቸው አዩ፣ ወደ ግድግዳው አዩ፣ ከዚያ በሩን ዘግተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ካየህማ ምን እደብቅሃለሁ። ያ ክፍል ይከብዳል» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እንዴት ይከብዳል?»

«አለች። ሴት ናት። እስላም ናት፣ አብሽር፤ ካልነኳት አትነካም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። በሩን እንዳትነካ፣ ለሰው እንዳታወራ፣ በቀዳዳ እንዳታይ።»

«ምንድን ነው የምትፈልገው?»

እማ ዘይነባ አሰቡ። «ዝምታ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «አንዳንዴ ሳምቡሳ» ብለው ጨመሩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በማግስቱ ጧት ለዶክተር ደወልኩና «ምንም ሳይነካቸው በማዕበል የሚገለባበጡ ንጣፎች አግኝቻለሁ፤ አዲስ ነገር ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። እሳቸውም «ኃይል ያለ ምንጭ አይመጣም፤ ምንጩን ፈልግ። ለማንኛውም መጥቼ አያለሁ» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው እኔ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ከፒያሳ ሳምቡሳ ገዝቼ የማድቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ቃሪያዋ ብቻ ቀርታለች። በማግስቱ ቃሪያ የሌለበት ገዛሁ። ለካ ሰው ሲፈራ እንዲህ ጨዋ ይሆናል።

ጥፋቴ ወደ ሰኢድ ሱቅ መሄዴ ነው። ምናልባት ኮምፓሶቹ ብልሽት ይኖርባቸዋል ብዬ ጥቂቶቹን ላስቀይር ወሰድኳቸው።

«ምን ሆኑ?» አለኝ።

«ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።»

«ግድግዳው በየት በኩል ነው?»

«በሰሜን በኩል።»

«ታዲያ ጅዳም መካም ወዲያው አይደሉም? ወላሂ አያሳስቱም ብዬሃለሁ!»

«አይ፣ የሚራመድ ነገር ይከተላሉ ማለቴ ነው» አልኩ፤ አፌን በዘጋው ኖሮ! ሱቁ ውስጥ ቴምር የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ቴምሩን ትተው ወጡ። ከሱቁ እስከ ቤቴ በእግር ጥቂት መንገድ ነው፤ ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሶ ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። አንዷ ዶሮዋ የጠፋችባት መጣች። አንዱ ከደሴ ዙሪያ ጎመን ጭኖ የመጣ ገበሬ በሬው የት እንደገባ ይጠቆምልኝ አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ሚስቴ ትወደኛለች?» ብሎ መርፌዎቹን ጠየቀ፤ መርፌዎቹ ተንቀጥቅጠው ጀርባቸውን ሰጡት፤ ሳያመሰግን ወጣ። «ይህ እኮ የጥናት ሞዴል ነው» እላለሁ፤ «ይሁን፣ ብቻ ጠይቅልን» ይሉኛል። እማ ዘይነባ ከእንግዳው ብዛት የተነሣ ከሱ፤ በዓይናቸው ሲያዩኝ ምነው ባላከራየሁህ የሚሉ ይመስላሉ። አፋቸው ግን ጂኒዋን በየቀኑ እያስፈራራ አሳደጋት። ትላንት ዝም የምትለዋ ዛሬ በር የነካ ሰው እጅ ታደርቃለች፣ ነገ ደግሞ ሰባት እህቶች ይኖሯታል።

ሰዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን፣ ካፊያ እየጣለ፣ እትዬ አለሚቱ መጡ። ከግቢያችን ቀጥሎ ያለው ቤት የሳቸው ነው። ልጃቸው ብርቱካን ወደ ሪያድ ሥራ ፍለጋ መሄዷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ።

«የጠፋ ሰውም ያሳያሉ?» አሉኝ።

«አያሳዩም እትዬ። እግዜር ያያል፣ እነዚህ ተራ መርፌዎች ናቸው።»

የሰሙኝ አይመስለኝም። ከብብታቸው ፎቶግራፍ አወጡ። «ከፋሲካ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም» አሉ። «ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ከቤተሰቡ የምትሠራላቸውን ሰዎች የሚያውቅ የለም። ሰው 'ደህና ትሆናለች' ይለኛል። ደህና የሆነች ልጅ ለእናቷ አትደውልም?» ፎቶግራፉን ከኮምፓሶቹ አጠገብ አስደገፉት።

በዚያች ቅጽበት መርፌዎቹ ዞሩ። እንደ ሁልጊዜው ወደ ግድግዳው፣ ቀስ ብለው፣ አንዱ አንዱን እያስከተለ። ድምፁም አለ፤ ሽ... ሽ... እትዬ አለሚቱ አልጮኹም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ወደዚያ ነች?» አሉኝ። «በሕይወት አለች ማለት ነው ልጄ?»

ምን ልበላቸው? አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይ ብል መግደል ነው። ዝም አልኩ። የሚገርመው ከጣውላው ወዲያ ያለው ነገርም ዝም አለ። መሳቡን አቁሞ እዚያው፣ ከፎቶግራፉ ፊት ለፊት፣ ቆመ። መርፌዎቹ አልተንቀሳቀሱም። እትዬ አለሚቱ አልቅሰው እስኪወጡ ድረስ የሚያዳምጠን ነገር ነበር ብዬ እምላለሁ።

የዚያን ዕለት ያየሁት ነገር በማግስቱም አልለቀቀኝም። ጉሙ እንደ ወትሮው ወረደ። ወንበር ላይ ቆሜ ከላይ ሆኜ መርፌዎቹን ልመለከት ስሞክር ድምፁ መጣ፤ ሽ... አጠገቤ፣ ከጆሮዬ ሥር። «በስመ አብ!» ብዬ ከወንበሩ ጋር ወደቅሁ። አንድ እግሬ ባልዲ ውስጥ ገባ።

ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። አጭር፣ የታፈነ፣ የሴት ሳቅ። ወዲያውም፣ «ውይ... ወገቤን!»

ባልዲውን እንደተጫማሁ ቆሜ አሰብኩ። ስለ ጂን የሰማሁት ብዙ ነው፤ ወገብ ያመማት ጂኒ ግን ሰምቼ አላውቅም። አፌን ወደ ጣውላው አስጠግቼ «ማነሽ?» አልኩ።

ዝም።

«ሳምቡሳውን የምትበይው አንቺ ነሽ?»

ሹክሹክታ መጣ። «በአላህ ይዤሃለሁ፤ ለማንም አትናገር። ሰዓዳ ነኝ።»

ለማንም አልናገርም አልኳት። እንግዲህ ምስጢር በእጄ ገባ፤ ምስጢሩም እጄ ውስጥ አንድ ሌሊት ብቻ አደረ። በነጋታው ከቀትር በኋላ እትዬ አለሚቱ ግማሹን ሰፈር አስከትለው ግቢውን ሞሉት። አንድ ሽማግሌ ሼህ አሉ፤ አጠገባቸው መስቀል የያዙ ቄስ አሉ፤ በእኛ አገር ጭንቅ ሲመጣ ሁለቱም ይጠራሉ፣ ለቤት እሳት ሁሉም ውኃ ያመጣል። አንዱ ጎረምሳም ቁልፉን የሚሰብር ብረት ይዟል።

«ጂኒዋ ልጄን አይታታለች» ይላሉ እትዬ አለሚቱ። «ፎቶዋን ሳሳይ ቆማ አይታታለች። በሩ ይከፈትና ትጠየቅልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እማ ዘይነባ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። «ያ ረቢ! እንዳትነኩት! እጃችሁ ይደርቃል!» ድምፃቸው ግን የሚያስፈራራ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሚለምን ሰው ነበር።

ጎረምሳው ብረቱን አነሣ። እኔ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ መሐላቸው ገባሁ። «ቁሙ!» አልኩ። «ጂኒ የለም! እኔ ነኝ ያታለልኳችሁ። ጠረጴዛው ሥር ማግኔት ደብቄ መርፌዎቹን የማዞራቸው እኔ ነኝ። ውሸት ነው፣ ሁሉም ውሸት ነው!»

ይህን ተናግሬ ቀና ስል ዶክተር የግቢውን በር ገፍተው ቆመዋል። ከኮምቦልቻ ሙቀት የመጡበት ስስ ሸሚዝ በካፊያው ርሷል።

«ምን አልክ?» አሉኝ።

የጽሑፌን ግብአተ መሬት በዓይኔ አየሁት። ዋጥ አድርጌ «አታልዬ ነው ዶክተር» አልኩ።

ሼሁ ጢማቸውን ይዘው ትክ ብለው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን ነው የምትዋሸው?»

«አሁን ነው የሚዋሸው» የሚል ድምፅ መጣ።

ሁላችንም የተቆለፈውን በር ነበር የምናየው። ድምፁ የመጣው ግን ከኋላችን ነው። ዞርን። ክፍሏ ወደ ማድቤቱ የምታወጣ ትንሽ በር እንዳላት ማናችንም አናውቅም ነበር። ከማድቤቱ፣ ከጉሙ መሐል፣ ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ ፀሐይ ካየ የሰነበተ፣ ወገቧ የጎበጠ ሴት አንድ እጇን በግድግዳው ላይ እየሳበች መጣች። ሽ... ሽ... ሽ... ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ብረት የያዘው ጎረምሳ ብረቱን እግሩ ላይ ጣለው። አንዲት ሴት ጫማዋን ትታ ሮጠች። የክፍሌ በር ክፍት ነበርና በዚያ ስታልፍ ጠረጴዛው ላይ ያሉት መርፌዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ሲሸኟት ሁላችንም አየን።

«ሰዓዳ?» አሉ እትዬ አለሚቱ።

«ነኝ እትዬ።»

እማ ዘይነባ በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ነገሩ ይህን ያህል ነው። ሰዓዳ ጅዳ ውስጥ ከምትሠራበት ቤት የታጠበ ምንጣፍ ተሸክማ ስትወርድ ከደረጃ ወድቃ ወገቧን ተጎዳች። ውሏን ሳትጨርስ መለሷት። «ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ሸኝቶኝ ነበር» አለች። «ቀጥ ብዬ ሄጄ ጎብጬ መታየት ከበደኝ። እማን 'ትንሽ ቀን ደብቂኝ፣ ቀጥ እስክል' አልኳት። ሐኪሙ በየቀኑ ተራመጂ ስላለኝ ሰው ሥራ ሲውል ግድግዳውን ይዤ እራመዳለሁ።»

«እኔስ ምን ላድርግ?» አሉ እማ ዘይነባ መሬት መሬት እያዩ። «አንዴ 'ጅዳ ናት' ካልኩ በኋላ በየት ልመለስ? ውሸት የጣሪያ ፍሳሽ ነው፤ በዚህ ስትደፍነው በዚያ ይመጣል።»

ዶክተር ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም። ክፍሌ ገብተው መርፌዎቹን ሲያዩ ቆይተው ወጡና ሰዓዳን «ወገብሽ ላይ ያሰርሽው ምንድን ነው?» አሏት። ሰዓዳ ግራ ተጋብታ በልብሷ ላይ የታሰረውን ሰፊ ቀበቶ አሳየች። ለወገብ ሕመም እዚያ አገር የሚሸጥ፣ ውስጡ ዙሪያውን ማግኔት የተሰፋበት ቀበቶ ነው። ዶክተር ጮኹ። «ኃይል ያለ ምንጭ አይመጣም አላልኩም!» ከዚያም ልመና በሚመስል ድምፅ ሰዓዳ በግድግዳው አጠገብ እንድትሄድላቸው፣ እንድትመለስላቸው፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ፈጠን እንድትልላቸው ጠየቋት። አንዷን መርፌ ስታስት ሌሎቹ እንዴት እንደሚከተሉ ለሼሁም ለቄሱም ያስረዳሉ። ሁለቱም በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ እማ ዘይነባ ተነሥተው «ሰውዬ! ልጄ ታማለች፣ እርስዎ ያመላልሷታል!» ብለው ባይቆጡ ኖሮ እስካሁንም ያስኬዷት ነበር። የኔ ነገር ይቅር ተባለ፤ ጽሑፌም ቆይቶ አለፈ። «ማታለል ስለማትችል ነው ያመንኩህ» አሉኝ ዶክተር፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

ዋናው ነገር ግን የእትዬ አለሚቱ ነበር። ሰዉ እየተንሾካሾከ ሲበተን እሳቸው ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሊወቅሷት ነው ብለን ፈራን። ቀስ ብለው ሄደው ሰዓዳ ፊት ቆሙ።

«ያን ዕለት ስናገር ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ። ለዚያ ነው የወጣሁት። ጂኒዋን ይጠይቁልኝ ሲሉ ተደብቄ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ብርቱካንን አይተሻታል?»

«አላየኋትም። እኔ ጅዳ፣ እሷ ሪያድ። ግን የሀገራችንን ልጆች አውቃለሁ። ስልካቸው አለኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ አፍሬ ዘግቼው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ ቻርጀር አለህ?»

ኮምፓሶቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍቼ ጠረጴዛዬን ለቀቅሁላቸው። ሰዓዳ ስልኳን ከፈተች፤ ስልኩ ወራት የተጠራቀመ መልእክት እያንጫጫ ተነሣ። እሷም የድምፅ መልእክት ላከች፤ የብርቱካንን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የሰፈሯን ስም። ያችኛዋ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለሌላዋ አስተላለፈች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እትዬ አለሚቱ ይመጣሉ፤ እማ ዘይነባ አጠገባቸው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም አይነጋገሩም፣ ግን አንዱን ጋቢ ለሁለት ይለብሱታል። መልስ ይመጣል፤ ከጣይፍ፣ ከደማም፣ ስሙን ከማናውቀው ከተማ። «አላየኋትም፣ ግን እጠይቃለሁ።» «አንዲት ብርቱካን አለች፣ የጎንደር ልጅ ናት።» ሰዓዳ ደግሞ እየዋለ ሲያድር ከግድግዳው እጇን አነሣች፤ በቀን፣ ሰው እያየ፣ እስከ ፒያሳ ሄዳ መመለስ ጀመረች። ሰዉም «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ከማለት ሌላ ምንም አላለም። ሰዓዳ ያን ያህል የፈራችው ሰፈር ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጉሙ መስኮቱን እንደሸፈነው ስልኩ ጠራ። ሰዓዳ አነሣችው፤ አዳመጠች፤ ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን ለእትዬ አለሚቱ ሰጠቻቸው። ለካ ብርቱካን አሠሪዋ ስልኳን ወስዳባት ወደ ሌላ ከተማ ይዛት ሄዳ ኖሯል፤ አሁን በጎረቤት በምትሠራ አንዲት የሐርቡ ልጅ ስልክ፣ ተሸሽጋ ነው የደወለችው። ያን ሁሉ ያወቅነው ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የተሰማው የልጅቷ የተቆራረጠና የፈራ ድምፅ ብቻ ነበር። አገር ሙሉ ሲፈልጋት መሰንበቱን ሰምታለች፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰው እንዲህ የሚፈለገው ለመርዶ ነው።

«እማ፣ ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አሉ እትዬ አለሚቱ። ከዚያም ስልኩን እንደያዙ ስቅስቅ ብለው ማልቀስ ስለጀመሩ፣ ማንም እንዳልሞተ ልጅቷን ለማሳመን ለሁላችንም ብዙ ጊዜ ፈጀብን።